ከባሕር የመጣው ድንጋይ

ስልኩ ሲጮኽ ሸዋረጋ ለልቅሶ ለብሳ ከቤቷ ልትወጣ ነበር።

«እትዬ ሸዋረጋ፣ ነገ ፖሊስ ጋ ቀጠሮ፣ ቴርሚን አለኝ» አላት ተኪኤ። «ጋሼ መልከጼዴቅን ለሞት የዳረግካቸው አንተ ነህ እየተባልኩ ነው። መድኃኒታቸው ያለበትን ሻንጣ በመኪና ልኮ ባዶ እጃቸውን አስቀራቸው ይላሉ። እኔ አልላክሁም። ካላመኑኝ ሥራዬን ማጣት ብቻ ሳይሆን ወህኒም ይጠብቀኛል።»

«ሞተው ሲገኙ ያነሳኸው ፎቶ አለ?»

«አለ።»

«ይዘኸው ልቅሶው ቤት ና።»

ሸዋረጋ ጡረታ እስክትወጣ በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የጉዳት መርማሪ ነበረች። የፍራንክፈርት ሐበሻ ግን ጡረታዋን ከቁም ነገር ቆጥሮላት አያውቅም፤ የጠፋ ዕቃም የተጣላ ባልና ሚስትም የሚመጣው ወደ እሷ ነው።

ተኪኤ የእግር ጉዞ መሪ ነው። ሦስት ሰዎች ይዞ ባልቲክ ባሕር ዳርቻ ሄዶ ነበር። ማረፊያቸው ባሕሩን የሚያይ ምቹ ሎጅ ሆኖ፣ ቀን ቀን በገደሉ አፋፍ ይጓዛሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን መልከጼዴቅ ወደ ኋላ ቀረ። ሲፈለግ ጫካው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ልቡ ነው። ከምላሱ ሥር የሚረጨው መድኃኒት ሻንጣው ውስጥ ነበር፤ ሻንጣው ደግሞ ሎጁ ውስጥ፣ የክፍሉ በር እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

ልቅሶ ቤት ሰው አይጠራም፤ ራሱ ይመጣል። ጻይልስሃይም ሰፈር ያለው የመልከጼዴቅ ቤት ግን ማንም አልመጣም ማለት ይቻላል። በተማሪነት ዘመን «የመንግሥት ጆሮ ጠቢ ነው» የሚል ወሬ ወጥቶበት ከዚያ ወዲህ ሰው እንደራቀው ኖረ። ሸዋረጋና ተኪኤ ሲገቡ ያገኙት ሁለቱን የጉዞ ጓደኞቹን ብቻ ነው፤ አንዷ አረጋውያን በመንከባከብ የምትተዳደረው ጎረቤቱ እታለም፣ ሌላው ጡረተኛው መሐንዲስ ሰይፈ ገብርኤል። አሳዛኝ ልቅሶ ነበር፤ የሚያለቅስ እንኳ አልነበረበትም።

ሸዋረጋ እታለም አጠገብ ተቀመጠች። «ሻንጣውን መጨረሻ ያየሽው የት ነው?»

«ጀርባቸው ላይ ነዋ። የሎጁ መኪና ምሳችንን አድርሶ ከተመለሰ በኋላ መንገድ ጀመርን። ልያዝልዎት ብላቸው፣ ‹አንቺ ሁልጊዜ ሽማግሌ ስታነሺ ነው የምትውይው፤ ዛሬ እንኳ ትከሻሽ ይረፍ› አሉኝ። ከዚያ እኔና ተኪኤ ወደፊት ገፋን።»

«አንተስ ሰይፈ?»

«እኔ ለብቻዬ ነበርኩ» አለ ሰይፈ ገብርኤል መሬት መሬት እያየ። «ከእሱ ጋር ሰላምታ እንኳ እንደሌለን ታውቂያለሽ።»

ሸዋረጋ እታለም ከሎጁ ያመጣችውን ሻንጣ አንስታ ማንገቻውን በጣቷ እየሳበች ስታየው ቆየች። ቀጥላ የተኪኤን ስልክ ተቀብላ ፎቶውን አጎላችው። በሟቹ ጭን ላይ የራስ ቅል የሚያህል ለስላሳ ድንጋይ አለ፤ ሁለት እጆቹ ከላዩ አርፈዋል።

«በሉ ቀረብ በሉ» አለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ተኪኤ ግን የሚያሳድርበት ጊዜ የለውም።»

አራቱም ወንበራቸውን አቀራረቡ።

«መኪናው ከተመለሰ በኋላ ሻንጣው መልከጼዴቅ ጀርባ ላይ ነበር። ስለዚህ ወደ ሎጁ የመጣው በሰው ትከሻ ነው፤ ተኪኤ በመኪና አልላከውም። መልከጼዴቅ ቀጭን ሰው ነበር፤ ማንገቻው ግን እስከ መጨረሻው ላልቷል። ለእታለምም ለተኪኤም እንዲህ ቢላላ ወገባቸው ላይ ይወርዳል። ከመካከላችን ትከሻው ሰፊ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሰይፈ ገብርኤል ዞሩ።

«እንግዲህ ሌባ ነው፣ ወይ ገዳይ ነው ሊባል ነው» አለች ሸዋረጋ። «ድንጋዩ ግን እንዲህ አይልም። ገደሉ አፋፍ ላይ አፈርና ዛፍ ብቻ ነው ያለው፤ ይሄ የባሕር ሣር የተጣበቀበት ድንጋይ ነው፣ ከታች ተሸክሞት የወጣ ሰው አለ። ፖሊሶቹ የተመታበት መስሏቸው አገላብጠው፣ ቁስል ሲያጡ ተዉት። ምን ያድርጉ፣ በእነሱ አገር ድንጋይ ድንጋይ ነው። በእኛ ግን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። ከትከሻው የሚያወርድለት የተበደለው ነው። መልከጼዴቅ አውርዶ አቅፎታል። ሰይፈ፣ ወሬውን ያወጣኸው አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነኝ» አለ። «ውሸት ነበር። በስብሰባ ረትቶኝ ተናድጄ ያወራሁት ነው። እሱ እንደሚሄድ ሰምቼ ነው ለጉዞው የተመዘገብኩት፤ እዚህ አገር ሽማግሌ ሰብስቤ የምታረቅበት ፊት የለኝም። ድንጋዩን አወረደልኝ። ታላቄ ነውና ሻንጣውን ተቀበልኩት። ‹ትንሽ ልቀመጥ፣ አንተ ቅደም› አለኝ። እኔም ሳለቅስ እንዳያየኝ ፈጥኜ ሄድኩ። መድኃኒት እንዳለበት አላወቅሁም፣ ሸዋረጋ።»

«ለምን ደበቅህ?»

«ጠላቱ መድኃኒቱን ይዞ ሄደ፣ እሱ ሞተ። ይቅር ብሎኛል ብል ማን ያምነኛል? የሚመሰክርልኝ እሱ ብቻ ነበር።»

ተኪኤ በረጅሙ ተነፈሰ። «እኔ ልታሰር ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ነገ ቴርሚንህ ላይ እኔ ነኝ የምናገረው።»

እታለም ዓይኗን ጠረገች። «ምን አሉዎት ይቅር ሲሉ?»

«‹ማታ ራት አብረን እንብላ፤ ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል› አለኝ።»

ሸዋረጋም አዘነች፤ እሷም ወሬውን አምና ከራቁት አንዷ ነበረች።

«ፖሊሱ ያንተ ጉዳይ ነው» አለችው። «የሰውዬውን ስም ግን ማን ይመልስለታል?»

«ለማን ልናገር? ያኔ ያመኑኝ አብዛኞቹ ሞተዋል።»

«ለቀሩት ተናገር።»

ሰይፈ ገብርኤል ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ከወዲያ ማዶ አንድ ያረጀ ድምፅ «ማን ልበል?» አለ።

«ሰይፈ ነኝ። መልከጼዴቅ ቤት፣ ልቅሶ ላይ ነኝ» አለ። «ያኔ ስለ እሱ የነገርኩህ ውሸት ነበር። ና፣ ሰው የለም።»