«ዘላለማዊ ዕረፍት» እና ቢጫው ብርድ ልብስ

እህቴን ፍቅር የያዛት የሬሳ ሣጥን ውስጥ ሆና ነው። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያው ነበርኩ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

አባዬ ሣጥን ሠሪ ነው። ሱቁን ከአያታችን ወረሰ፣ ከነስሙ። በሩ ላይ በወርቃማ ቀለም «ዘላለማዊ ዕረፍት» ይላል። አባዬ እንጨቱን ይልጋል፣ ይገጥማል፤ ውስጡን በጥጥ ሞልታ ሳቲን የምታለብሰው ታላቅ እህቴ እታለም ናት። እኔ መርፌ አቀብላለሁ። ወሬም አቀብላለሁ።

እታለም እጇ ወርቅ ነው። እሷ የሰፋችው ሣጥን ውስጥ ቢያስተኙኝ ሳልሞት እንቅልፍ ይወስደኛል። አንድ ቀን ግን መቀሱን ጣል አድርጋ፣ «ይሄ ሁሉ ልስላሴ ምንም የማይሰማው ሰው ላይ አለቀ» አለች። ከዚያ የሕፃናት ብርድ ልብስ መስፋት ጀመረች። ዝሆን፣ ወፍ፣ ዓሣ ትጠልፍበታለች። ኢንተርኔት ላይ «ለስላሳ ክንፍ» የሚል ገጽ ከፈተች። ገዢው ስልኩ ላይ የካርዱን ቁጥር አስገብቶ ይከፍላል፤ ሞተረኛ ያደርስለታል። የራሷ የንግድ ፈቃድ ስላልነበራት፣ ክፍያ የሚገባበትን ሂሳብ የከፈተችው በአባዬ ፈቃድ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ገበያው ደራ። «ከማታዪው ሰው ጋር መነገድ ከጥላ ጋር ቡጢ መግጠም ነው» ሲል የከረመው አባዬ እንኳ ዝም አለ።

ከዚያ መዓቱ ወረደ። ብርድ ልብሱ ተሰፍቶ፣ ተልኮ፣ ሕፃኑ ተጠቅልሎበት ሳለ፣ ገዢዋ ባንኳ ሄዳ «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ትላለች። ባንኩ ገንዘቡን ከእህቴ ሂሳብ መንጭቆ ለገዢዋ ይመልሳል፤ በላዩ ላይ እህቴን ይቀጣታል። ዕቃውም ሄደ፣ ገንዘቡም ሄደ። አንዷ እናት እንዲህ አደረገች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ እየበዙ መጡ።

እታለም «ሌቦች!» እያለች ጨርቁን በጥርሷ ትቀድ ጀመር። በመጨረሻ ክፍያ የሚያስተላልፍላት ድርጅት ጻፈ፤ ከእንግዲህ በአንድ ቅሬታ እንኳ ብትረቺ ሂሳብሽ ይዘጋል።

«ይዘጋል ማለት?» አልኳት።

«ማለትማ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለሙታን ሳነጥፍ እኖራለሁ ማለት ነው።»

እሱ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

እታለም ትልቅ ሣጥን ውስጥ ገብታ፣ ተንበርክካ፣ የግርጌውን ሳቲን በትንንሽ ሚስማር ትመታለች። ከውጭ አትታይም። አንድ ወጣት በሩን በርግዶ ገባ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«ማነው እዚህ? ሰው የለም?»

እታለም ሚስማር በከንፈሯ እንደነከሰች ከሣጥኑ ውስጥ ብድግ አለች።

«ወይኔ እናቴ!» ብሎ ወደ ኋላ ሲዘል፣ ግድግዳ የተደገፈ ክዳን ላይ ወደቀ። ክዳኑም እሱ ላይ ወደቀ።

እኔ በሳቅ ሞትኩ። እታለም ሚስማሩን ተፍታ እጁን ይዛ አነሳችው። ካነሳችው በኋላ መልቀቅ ነበረባት። አልለቀቀችም። እሱም እጄን መልሺልኝ አላለም።

«አልሞትኩም» አለችው።

«እኔ ግን ትንሽ ነው የቀረኝ።»

የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ከተማሪ ጋር ሲንቀጠቀጥ ስለሚውል፣ በደነገጠ ቁጥር ቀኝ እግሩ ፍሬን ፍለጋ መሬቱን ይረግጣል። ያን ቀን ዓይኗን ባየ ቁጥር ሲረግጥ ነበር። እኔም ስሙን «ፍሬን» አልኩት፤ ጸደቀ።

«እህቴ ገና መውለዷ ነው» አለ ትንፋሹን ሰብስቦ። «በስንት ጭንቅ ነው የተገላገለችው። ዛሬ የባንኬን መልእክት ስከፍት፣ ‹ለዘላለማዊ ዕረፍት ከፍለዋል› ይለኛል። በኔ ካርድ ሣጥን ያዘዘው ማነው? ለማንስ ነው?»

አባዬ መላጊያውን አስቀምጦ ከራሱ እስከ እግሩ በዓይኑ ለካው። ክፋት የለውም፣ የሥራ ልማድ ነው።

«ልጄ፣ እኛ ሣጥን በካርድ አንሸጥም። የኛ ደንበኛ በእጁ ከፍሎ፣ አልቅሶ ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ስማችሁ ባንኬ ውስጥ ምን ይሠራል፣ አባባ?»

እዚህ ላይ እታለም ማሰብ ነበረባት። ሂሳቤ በአባዬ ፈቃድ ነው እኮ፣ ማለት ነበረባት። ግን እኛ ቤት «ዘላለማዊ ዕረፍት» ሲባል ከሣጥን በቀር ለማንም ምንም አይታየውም። ደግሞ አሁንም እጁን እንደያዘች ነበር። እጅ የያዘ ሰው ምን ጭንቅላት አለው?

«የሆነ ሌባ በስማችን ነግዶ ነው» አለችው፣ እንደ ሐኪም ኮስተር ብላ። «ዛሬውኑ ባንክህ ሂድና ‹ይህን ክፍያ አላውቀውም› በላቸው። እንዳትለቃቸው!»

«እንዳልሽው አደርጋለሁ» አለ። አደረገም።

በማግስቱ ሊያመሰግናት መጣ። በሳልስቱ የሰነጠቀውን ክዳን ልጠግን ብሎ መጣ፤ አውራ ጣቱን በመዶሻ ቀጥቅጦ ሄደ። ምክንያት ሲያልቅበት ጊዜ፣ «መንዳት ላስተምራት» አለ።

አባዬ «ታናሽሽ ከኋላ ትቀመጥ» አለ። ስለዚህ ፍቅራቸውን ሙሉውን ያየሁት ከኋላ ወንበር ነው።

«መሪውን እንዲህ አትነቂው» ይላታል። «እንደ ጫጩት፣ በስሱ።»

«ቢያመልጠኝስ?»

«እኔ አለሁ።»

መብራቱ ጋ ቆመን አረንጓዴው ይበራል፣ እነሱ ይተያያሉ።

«በራ!» እላለሁ ከኋላ።

«ምኑ?» ይለኛል ፍሬን። የኋለኞቹ መኪኖች በጡሩምባ ይመልሱለታል።

እታለም ሳቲን እየመታች ማዜም አመጣች። አባዬ «ቀስ በይ ልጄ፣ ሐዘንተኛ ቢሰማሽ ገበያዬን ትዘጊዋለሽ» ይላታል። ስለ ብርድ ልብሶቹ ግን ለፍሬን አንድም ቀን አላወራችውም። «ሊዘጋ የተቃረበ ነገር ምን ብዬ አወራለሁ?» አለችኝ። የኮራችበትን ነገር በሽንፈቱ እንዲያውቀው አልፈለገችም።

አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። አዲስ ቅሬታ። ዝሆን የተጠለፈበት ቢጫ ብርድ ልብስ፤ ዕቃው ደርሷል፤ ገዢው ክፍያውን አላውቀውም ብሏል። ከሥሩ የገዢው ስም። የፍሬን ስም፣ ከነአባቱ።

ፊቷ እንደ ሳቲኑ ነጣ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሳች።

«ነይ፣ ትምህርት አለን።»

ድምፅዋ ግን ልትማር እንደምትሄድ ሰው አልነበረም። መኪናው ውስጥ ገብታ መሪውን በሁለት እጇ ጨመቀችው። ጫጩቱ ሞተ።

«ደህና አይደለሽም?» አላት።

«ዝሆን ያለበት ቢጫ ብርድ ልብስ ታውቃለህ?»

ፊቱ በራ። «እንዴት አወቅሽ! ለእህቴ ልጅ የገዛሁት ነው። ያለሱ እንቅልፍ የለውም፤ ሲታጠብ ቤቱን በለቅሶ ያፈርሰዋል።»

«ከማን ገዛኸው?»

«ከኢንተርኔት ነዋ፤ ለስላሳ ምናምን ከሚል ገጽ…»

«ከእኔ ነው የገዛኸው! ከእነዚህ ጣቶች! ልብሱን ወሰድክ፣ ገንዘቡን በባንክ አስነጠቅከኝ። ይሄ አልበቃ ብሎህ ደግሞ መጥተህ ልቤን…»

ፍሬኑን ረገጠችው። የእውነቱን። መኪናው መንገድ መሃል ቀጥ አለ።

«ልብሽን ምን?» አለ። ሰው ይህን ሁሉ እየተሰደበ ይቺን መርጦ ይሰማል!

«እሱንም አላውቀውም በል!» ብላ ወርዳ በሩን ወረወረችው።

ጡሩምባው አካባቢውን አናወጠው። ሾፌሮች ስለ ቤተሰባችን ብዙ ነገር ተናገሩ። ፍሬን ግን አይሰማም። ስልኩን ከፍቶ የባንኩን መልእክት አየ፣ ብርድ ልብሱን ያዘዘበትን አየ፣ ተመልሶ የባንኩን አየ።

«አንድ ክፍያ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጮኸ። «አንድ ብቻ! ሣጥን የሚባል ነገር የለም! ሣጥኑ ራሱ ብርድ ልብሱ ነው!»

መኪናውን፣ እኔን፣ ሙያውን ትቶ ሮጠ። እኔም ይህን ሳላይ ብቀር የራሳችን ደንበኛ መሆኔ ነው ብዬ ተከተልኩት።

አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ደረሰባት። ስልኩን ዘረጋላት። አነበበች። ቀና ብላ አየችው። እንደገና አነበበች። ተቀባይ፦ ዘላለማዊ ዕረፍት።

አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ።

«በአባዬ ፈቃድ… በሱቁ ስም…» አለች በመጨረሻ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ። «እነዚያ እናቶች ሁሉ ያዩት ይህን ነው። አራስ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ስልኳ ላይ ይህ ስም ሲመጣ… ሌባ ስላቸው ነበር እኮ።»

«እኔንም ብለሽኛል።»

«አንተንማ…» አንገቷን ደፋች። «አላውቀውም በል ያልኩህ ራሴ ነኝ። በገዛ አፌ ሂሳቤን ዘጋሁት።»

«ገና አልተዘጋም» አለ ፍሬን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ሳይንቀሳቀስ። «ተነሺ፣ ባንክ እንሂድ።»

ባንክ ቤት መነጽር ያደረገች ሠራተኛ ፊት ቀረብን።

«ጌታዬ፣ ክፍያውን አላውቀውም ብለው ፈርመዋል» አለችው።

«አሁን አወቅሁት።»

«በምን አወቁት?»

ፍሬን ወደ እህቴ ጠቆመ። «በሷ።»

ሠራተኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ እህቴን አየች፣ እሱን አየች፣ ማኅተሟን አነሳች። «እንዲህ ያለ ምክንያት ቅጹ ላይ የለም» አለች። መታችው ግን።

እታለም ቤት ገብታ ለእናቶቹ ጻፈች። አልከሰሰቻቸውም፤ «ባንካችሁ ገንዘቡን ማን ወሰደው ብሎ ነገራችሁ?» ብቻ ብላ ጠየቀች፣ ይቅርታም ጨመረች። መልሱ ጎረፈ። አንዷ በድንጋጤ ስልኳን የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ጥላዋለች። የሌላዋ ባል ሣጥኑ ይመጣል ብሎ በር ሲጠብቅ ከርሟል። እየሳቁም እያዘኑም ለባንኮቻቸው «አወቅነው» ብለው ጻፉላት። ደግመው ያዘዙም አሉ።

ድርጅቱ ግን፣ ስሙ ካልተለየ አይሆንም አለ። ፈቃዱ ደግሞ የአባዬ ነው። እታለም ፊቱ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«አባዬ፣ የሱቁን ስም አይደለም… የኔን ብቻ፣ ለብቻው…»

አባዬ መላግ አላቆመም። «አባቴ ያወጣው ስም ነው። ለሞተ ሰው ከዚህ የሚያምር ስም የለም።» ፍቅፋቂውን እፍ አለው። «ለተወለደ ሰው ግን አይሆንም። ጫማዬን አምጡልኝ።»

ራሱ ወረፋ ቆሞ በስሟ ፈቃድ አስወጣላት።

ከድርጅቱ መልስ የመጣ ቀን እታለም ጩኸቷን ለቀቀችው፤ አባዬ ሐዘንተኛ የገባ መስሎት «እግዜር ያጽናችሁ» አለ። ቅሬታዎቹ ተነሥተዋል! ሂሳቡ ይቀጥላል፣ በ«ለስላሳ ክንፍ» ስም! ነጩን ሳቲን ወደ ጣሪያ ወረወረችው፤ አባዬን አቅፋ አሽከረከረችው፤ እኔንም ሳመችኝ፣ ያ እንኳ ቢቀርብኝ ይሻል ነበር።

አዲሱ ስም መሥራቱን ለማየት አንድ ሰው መግዛት ነበረበት። ፍሬን በሩ ላይ እንደቆመ ስልኩን አውጥቶ አዘዘ። የእታለም ስልክ ጮኸ። አየችውና እንደ በርበሬ ቀላች። ነጥቄ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

«አንድ ብርድ ልብስ። መጠን፦ ለሁለት ትልልቅ ሰዎች። አድራሻ፦ አብረን የምንመርጠው ቤት።»

አባዬ መዶሻውን አስቀመጠ።

«እኛ… የሕፃን ብቻ ነው የምንሰፋው» አለች።

«እስኪሰፋ እጠብቃለሁ።»

«አሁን ደግሞ ሴት ልጅ በስልክ ነው የምትጠየቀው?» አለ አባዬ።

«እርስዎን ፊት ለፊት ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ አባባ። እሷን ፊት ለፊት ሳያት ግን ምላሴ ይተሳሰራል።»

አባዬ ጺሙን አሻሸ። «እንግዲያው መጀመሪያ እሷ ትመልስ።»

እታለም ስልኳን ከእጄ ነጠቀችኝ። ጀርባዋን ሰጥታን ጻፈች፣ አጠፋች፣ ጻፈች። የፍሬን ኪስ ጮኸ። አውጥቶ አነበበ፤ ከዚያ ሱቁን፣ መንገዱን፣ ዓለሙን ሁሉ ሊያሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፦

«ትዕዛዝዎን ተቀብለናል። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»