የአራት ቁጥር ድምፅ

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ተገኘች። የራሷ ሜትር አንገቷ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። በሩ አልተሰበረም፤ ለምታውቀው ሰው ራሷ ከፍታለታለች።

ሟቿ ከወንዙ ማዶ ከሚኖሩት፣ የራሳቸው ቋንቋ ካላቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ነበረች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተመራማሪ ስድስት የሰፈሩን ሴቶች በኢንተርኔት ሰብስባ ስለ ሰፈሩ ክሊኒክ አወያይታ ነበር። ፊት አይታይም፣ ስም አይጠራም፤ ቁጥር ብቻ። አራት ቁጥር «ጊዜው ያለፈበትን መርፌ ለይተው እኛን ይወጉናል» ብላለች። ተመራማሪዋ በያዘችው የስም ዝርዝር ላይ አራት ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ናት።

መርማሪዋ ተመራማሪዋን አስጠራች።

«ዝርዝሩን ማን አየው?»

«እኔና የክሊኒኩ ኃላፊ። ፈቃዱን የሰጡን እሳቸው ስለሆኑ... ላኩላቸው። ማድረግ አልነበረብኝም።»

«የተቀዳውን ድምፅስ?»

«እኔና አስተርጓሚው ብቻ። ለኃላፊው የደረሳቸው ተተርጉሞ የተጻፈው ነው።»

«አራት ቁጥር ስንት ዓመት ይሆናታል?»

«ሃያም አይሞላት። ድምጿ ገና የልጅ ነው።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሟቿ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች።

አስተርጓሚው ሲጠየቅ ከንፈሩን መጠጠ። «እኔ የማከራየው አፌን ነው፤ ጆሮዬ የራሴ ነው። አራት ቁጥር የሟቿ ልጅ መሆኗን አፏን ስትከፍት ነው ያወቅኩት። እኛ ሰፈር ለአንድ ቤት አንድ ስልክ ነው። የሚመዘገበው ባለስልኩ፣ የሚያወራው የተመቸው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መርማሪዋ ወዲያው ልጅቷ ዘንድ ሁለት ፖሊሶች ላከች። ገዳዩ ስህተቱን ካወቀ ተራው የልጅቷ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በክሊኒኩ መሰብሰቢያ ክፍል ተቀመጡ። ልጅቷ በፖሊሶቹ መካከል ናት።

«ገዳዩ ሊዘጋ የፈለገው የአራት ቁጥርን አፍ ነው» አለች መርማሪዋ። «ድምፁን የሰማ ሰው የተናገረችው ወጣት መሆኗን ያውቃል፤ እናትየውን ምን ብሎ ይገድላል? ተመራማሪዋ ሰምተዋል። አስተርጓሚውም ሰምተዋል። ዝርዝሩን አይቶ ድምፁን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ አለ። ዶክተር፣ ወረቀት አምነው ሌላ ሰው ገደሉ።»

ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወረቀት ብቻ አላመንኩም! ጠይቄያታለሁ እኮ! ‹የተናገርሽው አንቺ ነሽ?› ስላት፣ ዓይኔን እያየች ‹አዎ፣ እኔ ነኝ› አለችኝ።»

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«እማዬ እኮ...» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «በስልኳ እንዳወራሁ ብቻ ነው የምታውቀው፤ ምን እንደተናገርኩ እንኳ አልነገርኳትም።»