ከቃሬዛ እንጨት የሠራሁት ቤዝ ጊታር

እኔ እንኳን የመናፍስት ወሬ የአየር ትንበያም የማላምን ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ይመስክሩ፣ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ «በቃ፣ ጀመራችሁ!» ብዬ መጀመሪያ የምነሳው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ይኼን ሳወራህ ትከሻዬ ላይ ያለውን ነገር ማውረድ አልቻልኩም፣ ቀልዴን አይደለም፣ ስማኝ ብቻ።

እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ትራስ ደራርበንላት ተደግፋ ነው የምታድረው፣ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ካሉት ቤቶች በአንዷ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ሐኪሞቹ ያዘዙት ሕክምና ደግሞ የቤዝ ተጫዋች ኪስ የሚችለው አይደለም፣ ያውም ቤዙ ላምበረት መናኸሪያ የተሰረቀበት። በዚህ መሃል ነው መገናኛ አካባቢ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ባንድ «እሁድ የራስህን ቤዝ ይዘህ ና፣ ከተስማማን ቋሚ ትሆናለህ» ያለኝ። የራስህን! ከየት አባቴ ላምጣ? ሥራውን ካጣሁ እማዬን ማሳከሚያ የለኝም፣ ጨነቀኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ በመጨረሻ «እሠራዋለሁ!» አልኩ።

ያለኝ መሣሪያ አንድ መጋዝ፣ አንድ ሞረድና የማድቤት ቢላዋ ነው። ሰውነቱን ከተሰበረ የቁም ሳጥን በር ቆረጥኩ፣ መሰርሰሪያ ስለሌለኝ ሚስማር ከሰል ላይ እያጋልኩ በሳሁት፣ ወሰን ሰፈር ካለ ጋራዥ ያረጀ የሞተር ሳይክል የፍሬን ገመድ ለምኜ ክር አደረግሁት፣ ድምፁን የሚይዘውን ፒክአፕ ደግሞ (መኪናውን ማለቴ አይደለም) በተቃጠለ ስፒከር ማግኔት ላይ ከሞተ ቬንትሌተር የፈታሁትን ቀጭን ሽቦ ጠምጥሜ ሠራሁት። ያስቸገረኝ አንገቱ ነው፣ ክሮቹ ሲወጠሩ ያገኘሁት እንጨት ሁሉ እየጎበጠ ጉድ ሠራኝ።

ያወጡኝ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ጋሽ ተካ ናቸው። እድሩ የብረት ቃሬዛ ስላሠራ የድሮው የእንጨቱ ቃሬዛ መጋዘኑ ጀርባ ተጥሎ ነበር፣ ሁለቱ ረጃጅም እንጨቶቹ ወይራ ናቸው፣ የስንቱ ሰው ትከሻ አለስልሷቸው ብርጭቆ ወረቀት እንኳን አያስፈልጋቸውም።

«አንዱን ልውሰደው ጋሼ?»

«ውሰደው ልጄ፣ ማገዶ ከሚሆን። እናትህም ታውቀዋለች፣ አንተን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና እምቢ ሲል፣ በዚህ ነው እየተቀባበልን ሐኪም ቤት ያወረድናት። መንገዱን ሙሉ ‹ሳትደርሱ እንዳታወርዱኝ› እያለች!» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አንተም መቼም ቃሬዛ ተሸክመህ ታውቃለህ፣ የደከመው «ተቀበለኝ» ይላል፣ አጠገቡ ያለው «አምጣ» ብሎ ትከሻውን ያስገባል፣ ማን ነህ ከየት ነህ የለም፣ አፍህ ራሱ ነው የሚመልሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጨረስኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እማዬ እዛው ክፍል አልጋዋ ላይ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ታቃስታለች፣ ቤዙን አንግቼ ከአሮጌ ቴፕ ካወጣሁት ማጉያና ስፒከር ጋር ሳገናኘው መብራት ጠፋ። ተሳደብኩ፣ ሶኬቱንም ነቀልኩት፣ ይኼን ልብ በልልኝ፣ ነቅዬዋለሁ። ወዲያው ወፍራሙ ክር ብቻውን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከባድ መኪና እያለፈ ይሆናል ብዬ መዳፌን ጫንኩበት፣ መዳፌ ስር አልቆም አለ። ከዛ ከስፒከሩ ኮቴ መጣ፣ እመነኝ፣ ጭቃ የሚረግጥ የብዙ ሰው ኮቴ፣ እኩል የሚራመድ፣ በመሃሉ ሸክም የከበደው ሰው ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ልክ ጆሮዬ ስር የዛለ የወንድ ድምፅ፦

«ተቀበለኝ።»

«አምጣ» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው! ሳላስበው፣ እንደ ልማዴ።

ማንገቻው ትከሻዬን ተጫነው፣ የአንድ ሰው ክብደት ነው የምልህ። እማዬ ግን ማቃሰቷን አቆመች። ደንግጬ ዞር ስል፣ ክረምቱን ሙሉ ያላየሁትን ረጅም ትንፋሽ ስባ «እፎይ፣ ቀለለኝ» አለች። በደስታ ላቅፋት ብዬ ቤዙን ሳስቀምጠው፣ ገና መሬት ከመንካቱ ትንፋሿ እንደገና ይቆራረጥ ጀመር፣ ዓይኗን እንደጨፈነች «አታውርዱኝ!» ብላ ጮኸች። አፈፍ አድርጌ አነሳሁት፣ ትንፋሿ ተመለሰ።

እሁድ አልሄድኩም። ተሸክሜው ልውጣ ስል ገና በሩ ላይ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ እሷን ላሳክምበት የሠራሁት ቤዝ ከእሷ አላስነቅል አለኝ፣ ሥራውንም ለሌላ ሰጡት። እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። አሁን ቁጭ ብዬ፣ እንዳነገትኩት ነው የማሸልበው፣ ትከሻዬ አብጧል።

ትናንት ጋሽ ተካ ሊጠይቋት መጡ። ፊቷ ፈክቶ ሲያዩ «ተመስገን!» አሉ፣ እኔ ግን «ተቀበሉኝ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ደርሳ ነበር፣ «አምጣ» ማለታቸው እንደሆነ አይቀርም፣ የእሳቸውም አፍ እንደ እኔው ነው። ያንን ቀጭን ትከሻቸውን አየሁና ዋጥኩት። ደግሞስ ቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤትም፣ ወደ ጸበልም፣ ወደ መቃብርም ይሄዳል፣ እኔ ወዴት እየወሰድኳት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ «ደረስን እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

«ገና ነው እማዬ» አልኳትና ማንገቻውን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩት።