ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው አክስት

«ለመላው የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ!» አሉ ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጦርነት የታወጀ በሚያስመስል ድምፅ። «ለስነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ የታዘዘው የተውኔት መጽሐፍ መጥቷል። ሆኖም የማተሚያ ቤቱ መቁረጫ ስለተበላሸ ገጾቹ ከዳር እንደተያያዙ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ በማስመሪያ እየሰነጠቀ ያነባል። በጥርስ መሰንጠቅ በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ተማሪው አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨበ የሚያውቅ አልነበረም።

ሚጢጢ፣ ቁመቷ ነው ስሙን ያወጣላት፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች መጽሐፉን ገለጠች። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች ማተሚያ ቤቱ ራሱ ከፍቷቸዋል። እነሱን አነበበች፦ አንድ አባት፣ ልጁና ተከራያቸው ልብስ ሰፊ ሳሎን ተቀምጠው እንግዳ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ማስመሪያ ይፈልጋል። ማስመሪያው ያለው ታናሽ ወንድሟ ጋ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ አኩርፏል። መጽሐፉን ዘጋችው።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ራዲዮ ናት፣ የልብ ጓደኛዋ። ክፍሉ ራዲዮ ያላት ማጥፊያ ስለሌላት ነው።

«የኔ ቆንጆ፣ አንብበሻል አይደል? አሳጥረሽ ላኪልኝ፣ ሞቼልሽ!»

ሚጢጢ ክፍሉ ሁሉ «አንባቢዋ» የሚላት ልጅ ናት። «አላነበብኩም» ማለት አፏ ላይ ከበዳት። ስለዚህ ጻፈች። ሦስቱን ሰዎች ጻፈችና ነገሩ ጎደሎ ሲሆንባት አራተኛ ጨመረች፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ አንድም ቃል የማትተነፍስ አክስት። ለራዲዮ የተነገረ ነገር የት የት እንደሚደርስ የታወቀ ነው።

በማግስቱ የስነ ጽሑፍ መምህሩ ጠየቁ። «ከገጸ ባሕርያቱ ልባችሁን የነካው የትኛው ነው?»

«አክስቲቱ!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

ሚጢጢ ዴስኩን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። አለቀልኝ አለች በልቧ። መምህሩ ግን በጋዜጣ የሸፈኑትን መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«አክስቲቱ» አሉ በመጨረሻ። «አዎ። የቤቱ ሕሊና እሷ ናት። ደራሲው እሷን ሲጽፍ እንቅልፍ እንዳጣ አልጠራጠርም።»

የክፍሉ አለቃ ከኋላ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኔን ደግሞ የነካኝ ሳሏ ነው።»

«ሳሏማ!» አሉ መምህሩ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ሚጢጢ ሳል አልጻፈችም ነበር።

እያደር አክስቲቱ አካል አወጣች። አንዷ ግራኝ ናት አለች። ሌላው ጥቁር ሻርፕ አለበሳት። ሌላው ደግሞ ሰው ሲዋሽ የእሷ ወንበር ይንቋቋል ብሎ ማለ፤ ሁሉም ትዝ አለኝ አለ። መምህሩ በጣም ከመደሰታቸው የተነሳ ተውኔቱ በወላጆች ፊት ይታያል ብለው ወሰኑ። የሦስቱን ንግግር ከተከፈቱት ገጾች ወሰዱ። የአክስቲቱ ድርሻ ለራዲዮ ተሰጠ።

«ተመስገን፣ ጆሯችን ሊያርፍ ነው!» አለ አለቃው፤ ክፍሉ ሳቀ፤ ራዲዮም ሳቀች።

ከመምህራን ማረፊያ አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር መጣ። ልምምዱ ሲያልቅ ወንበሩን ወደ ክፍሉ አዙረው ይሄዳሉ። ጠዋት ሲመጡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያገኙታል።

«ማነው ያዞረው?»

«አንተ ነህ!»

«እናቴ ትሙት አልነካሁትም!»

የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቁ። «እኔ ያንን ወንበር በመጥረጊያ ጫፍም አልነካውም» አሉ እሳቸው፣ ባልዲያቸውን አንስተው መንገድ እየጀመሩ። «ደስ አይለኝም።»

ራዲዮ መጀመሪያ በልምምድ ሰዓት ብቻ ነበር ዝም የምትለው። ቆይቶ በዕረፍት ሰዓትም ዝም አለች። ከዚያ የራዲዮ እናት ሚጢጢን ዳቦ ቤት በር ላይ ያዟት።

«ልጄ፣ ይሄ ድራማችሁ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሊደርስ ነው፣ እትዬ። ምነው?»

«ራት ስንበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትቀመጠው። ልምምድ ነው ትለኛለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ‹እስቲ ዝም በይ› ስላት ኖሬ፣ አሁን ጸሎቴ ተሰማ መሰለኝ፣ ፈራሁ።»

በማግስቱ ራዲዮ ሚጢጢን ደረጃው ሥር ጎተተቻት። ድምፅዋ ከብዙ ዝምታ በኋላ ሻክሯል።

«መጨረሻ ላይ ትዞራለች?»

«ማን?»

«እኔ» አለች ራዲዮ። «እዞራለሁ ወይስ እንደዚሁ እቀራለሁ? ካነበብሽ ንገሪኛ።»

ለሚጢጢ ውሸት መጣላት፤ ትዞራለች፣ ፈገግም ትላለች ልትል ነበር። ግን የምትላትን ሁሉ ራዲዮ እንደምትሆነው አየች። «ከልምምድ በፊት እነግርሻለሁ» ብላ አመለጠች። ቤቷ ሄዳ ወንድሟን ይቅርታ ጠየቀችና ማስመሪያውን ተቀበለች።

የመጨረሻው ልምምድ ቀን ራዲዮ ገና ማንም ሳይነግራት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ።

ሚጢጢ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከመጀመራችን በፊት መጨረሻውን ከመጽሐፉ ላንብብ?»

«ከመጽሐፉ?» አሉ መምህሩ። «ሁላችንም የምናውቀውን?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

ወንበሩ ተንቋቋ። እግሩ አጭር ስለሆነ ነው።

ሚጢጢ መጽሐፉን ዴስኳ ላይ አወጣችው። ዳሩ እንደ ተዘጋ አፍ የተያያዘ ነበር፤ ያላየ አልነበረም። ጉንጯ እየነደደ ማስመሪያውን በገጾቹ መሃል አስገብታ ሳበችው። ክርርር። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። የተከፈተውን ገጽ በዓይኗ ሮጠችበት። አባት፣ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ። ቀጣዩን ሰነጠቀች። አባት፣ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ።

ማንም አልሳቀም። አለቃው የራሱን መጽሐፍ ከቦርሳው አወጣ፤ ዳሩን ዳበሰው። ክርርር። ከመስኮቱ በኩል ሌላ ተከተለ። ከዚያ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከኋላ።

«ይሄ ምን ድምፅ ነው?» አለች ራዲዮ፣ ሳትዞር።

«መጽሐፉ ነው» አለች ሚጢጢ። «እኔም ገና አሁን ነው የምከፍተው፤ ቤት ለብቻዬ ልከፍተው አልፈለግኩም። አክስት የሚባል ሰው እስካሁን የለም፣ ራዲዬ። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

ራዲዮ ቀስ ብላ ዞረች።

ያኔ ከፊት፣ ከመምህሩ ጠረጴዛ፣ ከጋዜጣው ሽፋን ሥር፣ ረጅምና ጥንቁቅ ድምፅ ተሰማ። ክርርርርር።