ሃብተአብ የሠራት ካዛንቺስ

ሃብተአብ ስምንት ወር ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ የፈረሰውን የካዛንቺስ መንደር በኮምፒውተር ሥዕል ሲሠራ ከረመ። ያደገው ቂርቆስ ሰፈር ቢሆንም ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በዚያ መንደር ስለነበር እያንዳንዱ ቆርቆሮ ትዝ ይለዋል። ሲጨርስ የዲዛይን ሙያ ጓደኞቹ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈውና «አስተያየት ስጡኝ» አለ።

«አንደኛ ነው!» «መብራቱ ይገርማል!» አሉት። ወይኒ የምትባል ዲዛይነር ግን፣ «ቆንጆ ነው። የሰማያዊው ቤት በር ግን ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ቤታችን ስለነበር አውቃለሁ» ብላ ጻፈች።

ሃብተአብ ወዲያው ጻፈላት። «ሌላስ ምን ተሳሳትኩ?»

«ብዙ! በጽሑፍ አያልቅም።»

ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኙ። ወይኒ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እዚህ ጋ ዛፍ ነበር። እማዬ ከሥሩ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር፤ ማለቴ… በሕይወት እያለች።»

አቀረቀረች። ሃብተአብ ስክሪኑን ትቶ እሷን አየ። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ሁለቱም በድንጋጤ ወደ ዛፉ ቦታ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኙ ጀመር። እርማቱ እያለቀ ሲመጣ እሷ ስህተት ፍለጋ ትደክም ነበር፤ እሱም ሆን ብሎ ይሳሳትላት ነበር።

ሃብተአብ የሚሠራው ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ ቢሮ ነው። አለቃው ሥዕሉን አየና ለአፓርታማ ማስታወቂያ አዋለው፤ ቆሻሻ ከምሮበት «ድሮ» አለው፣ አጠገቡ ያቆመውን ሕንፃ ደግሞ «ዛሬ»። ሃብተአብ፣ እንጀራዬ ነው ብሎ ሳይቃወም ተወው።

ማስታወቂያው ወይኒ ስልክ ላይ ደረሰ። «የእናቴን ደጅ ቆሻሻ መጣያ አደረግከው» ብላ ጻፈችለት። ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳችም።

በማግስቱ አለቃው ፊት ቆመ። «ሥዕሉ የኔ ነው፤ ይውረድልኝ» አለ። ማስታወቂያው ወረደ፤ እሱም ሥራውን አጣ።

እሁድ ላፕቶፑን ይዞ የወይኒ ቤተሰብ ወደ ተዛወረበት፣ ከተማው ዳር ወዳለው ኮንዶሚኒየም ሄደ። በሩን የከፈቱት አባቷ ጋሽ አጽብሃ ነበሩ። ሃብተአብ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራቸውና፣ «አስተያየትዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ቤት በቤት አዩት።

«ዛፉ ትንሽ ወደ ግራ ይጠጋ። እሷ ጥላ ትወድ ነበር» አሉ።

አስጠጋው። «አሁንስ?»

«አሁን ልክ ነው፣ ልጄ።»

ወይኒ ከኋላቸው ቆማ ስትሰማ ነበር። ሃብተአብ ሲነሳ ነጠላዋን ጣል አድርጋ እስከ ታክሲ መያዣው ልትሸኘው ወጣች።

«ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም?»

«ፈርቼ ነው። ጥፋቴ ነው፣ በቃ።»

ታክሲ መጣ።

«መጣልህ» አለች።

«ይለፍ።»

አለፈ። ሌላም አለፈ። በሦስተኛው ረዳቱ «ትሄዳላችሁ?» ሲል ወይኒ ቀድማ «አንሄድም!» አለችው፤ የሃብተአብንም እጅ ያዘች።

በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ።