የዋልካው ታች

ደጋን አጠገብ፣ በሽምብራ ማሳ መካከል፣ የአፈር ለኪው እንየው ለልኬት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ዘመኑ የደርግ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። የማሳው ባለቤት ኑርሁሴን በዋዜማው «ቡቃያዬን ነቀልክብኝ!» እያለ ሲጮህበት መንደሩ ሰምቷልና፣ ፖሊስ እጁን አስሮ ኮምቦልቻ ወሰደው።

ጉዳዩ ለመቶ አለቃ ወርቅአፈራሁ ተሰጠ። የደሴ ጎረቤቶቹ «ሚስቱ ወጡ ጨው በዝቶበታል ወይ ብትለው እንኳ ምስክር ይጠራል» እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ ሐሰት አይደለም።

«ወላሂ አልነካሁትም፣ ጌታው» አለ ኑርሁሴን። «መጣላቱን ተጣልተናል። ኋላ ግን ‹ጋሼ፣ ሰማይ ላይ የሚዞረው ሳተላይት አገራችሁን ደረቅ ነው ብሏል፤ እውነቱን የማውቀው አፈሩን አውጥቼ ስለካው ነው› ብሎ አስረዳኝ። ደረቅ ከተባለ ለሰፈራ ሊጭኑን ነው። ነገ መኪና ይመጣል ተብሏል። ከዚያ ወዲያማ እኔው ቆፈርኩለት!»

ወርቅአፈራሁ ኮምቦልቻ ወዳለው የአፈር ምርመራ ክፍል ሄደ። ሠራተኛዋ ሥርጉት ዐይኗ በልቅሶ አብጧል።

«አፈሩ ከክንድ ጥልቀት ይወጣና ቆርቆሮ ውስጥ ተሞልቶ እዚያው ይታሸጋል» አለች። «እመዝነዋለሁ፣ ምድጃ ውስጥ አደርቀዋለሁ፣ መልሼ እመዝነዋለሁ። የጎደለው ውኃው ነው።»

«የእንየው ቆርቆሮስ?»

«ምሳ በልቼ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ማን እንዳመጣው እንጃ። ወዲያው ሞቱን ሰማሁ፤ ልከፍተው አልቻልኩም።»

እሱ ከፈተው። ውስጡ ደረቅ ብናኝ፣ ገለባና የፍየል በጠጥ ነው። ከክዳኑ ሥር ግን ጥቁር ጭቃ ተለጥፏል።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ገብረ ማርያም የሳተላይቱን ፎቶ የሚያነበው እሱ ነው። ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቶ ተቀበለው።

«ደጋን ወርደው ያውቃሉ፣ ጓድ?»

«ምን ልሠራ? ሳተላይቱ ሁሉን ያሳየኛል። አካባቢው ደርቋል ብዬ ሪፖርት ልኬያለሁ።»

«እንየውን ማን ገደለው ይላሉ?»

«ጉድጓዱ ጭቃ ነው፤ አንሸራቶት ይሆናል። ወይም ያ ገበሬ ነው።»

ወርቅአፈራሁ አመስግኖ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ኑርሁሴንን፣ ሥርጉትንና ገብረ ማርያምን በአፈር ምርመራው ክፍል ሰበሰባቸው።

«ከዚህ ቆርቆሮ እርጥብ አፈር ተደፍቶ ደረቅ ተሞልቶበታል» ሲል ጀመረ። «ኑርሁሴን አያደርገውም፤ ደረቅ ሲባል ከአገሩ የሚነቀለው እሱ ነው።»

«የሚጠረጥሩት እኔን ነው እንግዲህ!» አለች ሥርጉት በቁጣ።

«እህቴ፣ አንቺማ ምድጃ አለሽ። ማድረቅ ብትፈልጊ በጠጥ ምን ያስለቅምሻል? ይህን የሞላው ሰው የመሬቱን ቆዳ ብቻ ነው የቧጨረው። ዋልካ፣ ይህ ጥቁር አፈር፣ ላዩ ተሰነጣጥቆ ታቹ ጭቃ መሆኑን ገበሬም ለኪም ያውቃል። መሬትን ከላይ ብቻ ማየት የለመደ ግን…»

«ሳተላይት አይሳሳትም!» አለ ገብረ ማርያም።

«ታዲያ ጓድ፣ ደርቋል ባሉት አገር፣ ወርደው ባላዩት ጉድጓድ፣ እንየውን የትኛው ጭቃ አንሸራተተው?»

ገብረ ማርያም ቆርቆሮውን ከፊቱ ገፋ።

«ሪፖርቱ አዲስ አበባ ደርሷል» አለ። «ተሳስቻለሁ ብል አሻጥረኛ ተብዬ እጠፋለሁ። ማሳው ድረስ ወርጄ እንየውን ዝም በል ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። የመቆፈሪያው አካፋ እጄ ላይ ነበር።»

ኑርሁሴን እጁ ሲፈታ ምስጋና አልወጣውም። «መኪኖቹስ፣ ጌታው? ሚስቴ ረሂማና ልጆቹስ?»

ወርቅአፈራሁ ነፍሰ ገዳይ አይፈራም፤ ካድሬን ግን ይፈራል። ስልኩን አየው፣ ኑርሁሴንን አየው፣ መልሶ ስልኩን አየው። ሥርጉት ባዶ ቆርቆሮዎቿን በከረጢት እየከተተች «እኔ ደጋን እወርዳለሁ፤ አፈሩን እንደገና አወጣለሁ» አለች።

ወርቅአፈራሁ ስልኩን አንስቶ ለአውራጃው አስተዳዳሪ ደወለ።

«ጓድ አስተዳዳሪ፣ ገዳዩ ተይዟል።»

«ጎሽ! እንግዲህ ገበሬዎቹን እንጫን።»

«አይጫኑም» አለ ወርቅአፈራሁ። «አፈሩ ገና አልተመዘነም።»