ዴልፊና የቀባችው ባክዊት

ዴልፊና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሳን ሃሲንቶ ተራራ ግርጌ፣ ከአያቷ ከአባባ አንሴልሞ ጋር ነው። በዚያ ዓመት ድርቁ ስለበረታ ሣር ውኃ ማጠጣት ተከልክሎ ነበር።

አባባ አንሴልሞ ግን አልተጨነቁም። በራፋቸው ላይ ያለው ትልቁ ቁጥቋጦ የዱር ባክዊት ነው። የአገሩ ተክል ስለሆነ ውኃ አጠጡኝ ብሎ አያስቸግርም። መጀመሪያ ነጭ አበባ ያወጣል፤ በጋው ሲገፋ አበባው ይደርቅና የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፣ ልጆች! ዴልፊና በዚያ ዝገት አፈረች። ጎረቤቷ ኮሌትም አላስቀመጠቻትም። የኮሌት አባት የደረቀ ሣራቸውን አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል።

«አንቺ፣ አያትሽ ዝገት ነው እንዴ የሚያለሙት?» አለቻት አጥር ላይ ተንጠልጥላ።

«የእናንተስ ሣር ቀለም አይደል?»

«ቢሆንስ? ያምራል!»

ቅዳሜ ከሰዓት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከፓስተር ኦርቴጋ ጋር የባክዊቱን ዘር ሊለቅሙ ይመጣሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሊዘሩት ነው። ዴልፊና «ይስቁብኛል» ብላ ተጨነቀች። ቅዳሜ አባባ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ፣ በሩ ተቀብቶ የተረፈውን የሚረጭ ቀለም አነሳች። ፍስስስ! ፍስስስ! ቁጥቋጦው አረንጓዴ ሆነ። እጇም እንዲሁ።

ቀለሙ ሳይደርቅ እንግዶቹ ደረሱ። ፓስተር ኦርቴጋ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ካላሸተቱ አይሆንላቸውም። አፍንጫቸውን አበባው ውስጥ ወሽቀው ሳቡ።

«ምነው ቤንዚን ቤንዚን አለኝ?» ብለው ቀና ሲሉ አፍንጫቸው አረንጓዴ ሆኗል።

አባባ ዓይናቸውን እያሹ ወጡ። «ዴልፊና፣ ይሄ ተክል ምን ነክቶት ነው?»

«ዝ... ዝናብ ነው አባባ! እርስዎ ተኝተው ሳለ ዘነበና ለመለመ።»

ሁሉም ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። አንዲት ደመና የለችም።

«በኛ በራፍ ላይ ብቻ ዘንቦ ሄደ?»

«አዎ፣ ትንሽ ነው የዘነበው።»

ውሸት እንዴት እንደሚያስቀባጥር አያችሁ?

«በሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልይ» አሉ ፓስተሩ። ዴልፊና እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«እኔ ሳልያያዝ ልጸልይ? እጄን ያሳክከኛል።»

አጠገቧ የቆመችው ትንሿ ሉስ ግን ጎትታ ያዘቻት። ወዲያው የራሷን መዳፍ አየችና «ዝናቡ እኔንም መታኝ!» ብላ ጮኸች።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አባባ አንሴልሞ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው በቀለም የተጣበቀውን አበባ ነካኩት።

«ልጄ፣ ዘሩ እኮ እዚህ ውስጥ ነው። አበባው የዛገ ሲመስል ነው የሚደርሰው። ዓመቱን ሙሉ ስንጠብቀው ነበር።»

ልጆቹ ለዘሩ ያመጡትን ባዶ ኩባያ ተመለከቱ። ዴልፊና አረንጓዴ እጆቿን ዘረጋች።

«ዝናብ አልዘነበም አባባ። እኔ ነኝ የቀባሁት። አፍሬበት ነው። ይቅር ይበሉኝ!» ብላ አለቀሰች።

አባባ እንባዋን ጠረጉላትና ወደ ቁጥቋጦው ጀርባ ዞሩ። ከዚያ ሳቃቸው ተሰማ። «ኑ፣ ኑ! ይቺ ሰነፍ በግድግዳው በኩል ያለውን ትታዋለች!»

እውነትም ዴልፊና ከመንገድ የማይታየውን አልቀባችም ነበር። ዘሩን ለቀሙ። ለሁሉም ስላልበቃ፣ ዴልፊና የራሷን ድርሻ ለሉስ ሰጠቻት።

እሑድ ፓስተር ኦርቴጋ ሊሰብኩ ሲቆሙ አፍንጫቸው አሁንም አረንጓዴ ነበር። ሰዉ «ምን በሽታ ያዛቸው?» እያለ ተንሾካሾከ። ዴልፊናን ማንም አልጠየቃትም። እሷ ግን ብድግ አለች።

«በሽታ አይደለም። እኔ ቁጥቋጦ ቀብቼ፣ ዋሽቼም፣ ቀለሙ እሳቸውን ነክቷቸው ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ» አሉ ፓስተሩ። «ታመዋል እየተባለ ከጠዋት ጀምሮ ሾርባ ሲላክልኝ ሆዴ ሊፈነዳ ነው!»

ልጆች፣ እግዚአብሔር በሰጠን ነገር አንፈር፤ ካጠፋንም ጥፋታችንን በውሸት ሳንቀባ እውነቱን እንናገር።